የአይሪን ሃሉስካ አልጋ

አይሪን ሃሉስካ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቧል፤ እጆቿ ደረቷ ላይ ተጣጥፈዋል። ላያት ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋደም ያለች ትመስላለች። መርማሪ ሮበርታ ስታኔክ ብርድ ልብሱን ከግርጌ በኩል ገለጥ አደረገችው። አሮጊቷ ጥቁር የእሑድ ጫማዋን አላወለቀችም።

«እናትህ በጫማ ትተኛ ነበር?»

«እማ? ምንጣፉን በጫማ የረገጠ ሰው የሚደርስበትን እኔ ነኝ የማውቀው» አለ ሬይ። የሟች ልጅ ነው፤ ለእሑድ ምሳ ሲመጣ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ከሮበርታ ጋር ታች ካልደር ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተምረዋል።

ሮበርታ የሟችን ራስ ቀና አድርጋ አየች። ማጅራቷ ላይ ቁስል አለ፤ ትራሱ ግን ንጹሕ ነው። ደሙ ያለው ከመስኮቱ ጎን ባለው የብረት ማሞቂያ ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ሰው ገፍትሯት ወድቃለች፤ ከዚያም በእንቅልፏ የሞተች እንድትመስል አንስቶ አስተኝቷታል። ይኼ ግልጽ ነው።

ግልጽ ያልሆነው ምንጣፉ ነው። መስኮቱ ሥር አራት ጥልቅ ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ፤ ራስጌው ከፍ ያለ ከባድ የብረት አልጋ ለዓመታት የቆመባቸው። አልጋው አሁን ያለው ግን በሩ አጠገብ ነው፤ ከእግሮቹ ሥር ምንጣፉ አዲስ እንደተነጠፈ ቀጥ ብሏል። የሟች መስቀልና የራስጌ መብራት ደግሞ እዚያው መስኮቱ ጋ ቀርተዋል። ሮበርታ ወገቧን ይዛ ቆመች። ሰው የገደለ ሰው ይሮጣል እንጂ በአንዲት ክፍል ውስጥ አልጋ ይጎትታል?

በቤቱ ላይ የነበረውን ጠብ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ አገር ትምህርት ቤት የሚቆመው በአካባቢው የቤት ግብር ነው። ላይ ካልደር ቤቱ ውድ፣ ግብሩም ከባድ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራና የዋና ገንዳ አለው። ታች ካልደር ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ቤቱም ዋጋ የለውም፤ ልጆቹ ኬሚስትሪን የሚማሩት ሌላ ሰው ሲሠራው በቪዲዮ እያዩ ነው። የአይሪን ቤት ደግሞ ድንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሬይ ትምህርት ከጨረሰ በኋላ የወጣው ደንብ «ልጅ የሚማረው አሳዳጊው በሚተኛበት ወገን ነው» ይላል። አይሪን እናቷ የሞተችባትን የልጅ ልጇን ኮሪንን ታሳድጋለች፤ ኮሪን ላይ ካልደር ትማራለች። የልጅ ዕድል በአልጋ እግር ይለካል ቢባል ማን ያምናል? እዚያ ግን ይለካል። የላይ ካልደር ትምህርት ቤት ቦርድ በማግሥቱ ሰኞ ሊመጣና አልጋውን በዓይኑ ሊያይ ቀጠሮ ይዞ ነበር።

ሮበርታ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ ከሬይ ጀመረች።

«ቤቱን ሽጪው እያልክ ትነዘንዛት ነበር አሉ።»

«ብያለሁ። ግብሩ አጥንቷን ጋጣት እኮ! ግን እናቴን...»

«ድንበሩ የት ጋ ነው?»

«የወጥ ቤቱ ግድግዳ ነዋ። አባቴ ‹ታች ካልደር በልተህ ላይ ካልደር ሄደህ ተኛ› እያለ ይቀልድብኝ ነበር።»

ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ካሮል ዊትኮም የቦርዱ ሰብሳቢ ናት። ሮበርታን በር ላይ አቁማ አነጋገረቻት።

«ሞቷ ያሳዝናል። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ግን ያ ቤት እስከ ጭስ ማውጫው ታች ካልደር ነው። ድንበሩ ይኸው መንገዱ! እኛ በግብር ወገባችን ጎብጦ ባቆምነው ትምህርት ቤት፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

«ለሁለቱም ወገን ግብር ትከፍል ነበር እኮ።»

«ግብር ቢሮው ተሳስቶ ነዋ!»

«አርባ ዓመት?»

ካሮል በሩን ዘጋች።

ሦስተኛው ግሌን ተትል ነው፤ ጡረታ የወጣ ፖሊስ፣ ቦርዱ የተማሪዎችን አድራሻ እንዲያጣራለት የቀጠረው። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ፊቱ በራ።

«ካሮልም ሬይም የሚያወሩትን አያውቁም» አለ። «እኔ ከድንበሩ ድንጋይ ተነስቼ በመሣሪያ ለክቼዋለሁ። መስመሩ መኝታ ቤቱን መሃል ለመሃል ነው የሚቆርጠው። መስኮቱ በኩል ላይ፣ በሩ በኩል ታች።»

«ገብተው ነው የለኩት?»

«ኧረ እግሬ ደጃፏን ረግጦ አያውቅም! ከውጭ ነው። ረቡዕ ለት በመስኮቱ አየሁ፤ አልጋዋ በሩ ጋ፣ ታች ወገን ነው። የዚያኑ ዕለት ለቦርዱ ተናገርኩ።»

ሮበርታ አመስግና ወጣች።

ማክሰኞ ሁሉንም መኝታ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮሪን የአያቷን ሹራብ ለብሳ በሩን ተደግፋለች።

«አይሪን እሑድ ጉልበቷን አሟት፣ ኮሪንን ቤተ ክርስቲያን ትታ ቅዳሴው ሳያልቅ ተመለሰች» አለች ሮበርታ። «ከመኝታ ቤት ድምፅ ስትሰማ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። ያገኘችው አልጋዋን የሚጎትት ሰው ነው። ይኼ ሰው ሌባ አይደለም። ከዚህ እዚያ ድረስ መጎተት ምን ይፈይድለታል? የሚፈይደው መስመሩ በዚህ ክፍል መሃል እንደሚያልፍ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ሮበርታ ወደ ካሮል ዞረች።

«ካሮል፣ እርስዎ ቤቱ በሙሉ ታች ካልደር ነው ብለው ስለሚያምኑ አልጋው የትም ቢቆም ለእርስዎ አንድ ነው። ሬይ፣ አንተ ድንበሩ ወጥ ቤት ነው ብለህ ስለምታምን ወጥ ቤት ድረስ ትጎትተው ነበር። ሚስተር ተትል፣ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«አልጋው ረቡዕም እዚሁ በሩ ጋ ነበር አልኩሽ እኮ!»

«ምንጣፉን ይመልከቱት። እሑድ ስደርስ ከእግሮቹ ሥር አንዲት ምልክት አልነበረም። ከረቡዕ ጀምሮ እዚህ ቆሞ ቢሆን ይጎደጉድ ነበር። ደግሞም አልጋው መስኮቱ ጋ እያለ ራስጌው መስኮቱን ስለሚጋርደው ከውጭ ምንም አይታይም። ረቡዕ ምንም አላዩም። ለቦርዱ ዋሹ፤ ቦርዱ ሰኞ እመጣለሁ ሲል ውሸትዎን እውነት ሊያደርጉ መጡ።»

ግሌን ማሞቂያውን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

«ልገድላት አልመጣሁም» አለ በመጨረሻ። «እጄን ያዘችኝ፤ ገፋኋት። ምን ላድርግ? ‹ዘንድሮ አንድ ልጅ እንኳ አላስወጣህም፣ ለምን እንቀጥርሃለን?› አሉኝ።»

«ማን?» አለች ሮበርታ።

ግሌን ካሮልን አየ። ካሮል ምንጣፉን አየች።

ፖሊሶቹ ይዘውት ከወጡ በኋላ ኮሪን ከበሩ ተላቀቀች።

«አያቴ ላይ ካልደር ትተኛ እንደነበር ተረጋገጠ ማለት ነው?»

«ተረጋግጧል» አለች ሮበርታ።

«እንግዲያው እዚያው እማራለሁ።»

የመለሰችው ካሮል ናት፤ ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሏል።

«የኔ ልጅ፣ ደንቡ ‹አሳዳጊው በሚተኛበት› ነው የሚለው። አሁን አሳዳጊሽ አጎትሽ ሬይ ነው። ሬይ ደግሞ የሚተኛው ታች ነው።»

«ደንቡን ያወጣው ማነው?» ሲል ሬይ ጮኸ።

«ቦርዱ።»

«ቦርዱ ማነው ታዲያ፣ አንቺ አይደለሽም?»

ካሮል ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሮበርታ ልትከተላት ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ገዳይ መያዝ ታውቃለች፤ ደንብ ግን በካቴና አይታሰርም። ኮሪን ላይ ካልደር ቤተ ሙከራ ውስጥ የተወችውን ነጭ ጋዋኗን ሄዳ መውሰድ ይፈቀድላት እንደሆነ ጠየቀች።

በጁላይ ሬይ ደወለላት። ቤቱ ባዶ ነው፤ ሬይ እናቱን ሞታ ባገኘበት ቤት ማደር አልሆነለትም፤ ተከራይም አልተገኘም።

«ግብሩ መጣ» አላት። «የሁለቱም። የላይ ካልደሩ የትምህርት ቤት ግብር ጨምሯል። ሮበርታ፣ ልጅቷን አባረሩ እኮ! አሁን እኔ የምከፍለው ለማነው?»



«ክፈል» አለችው። «ካልከፈልክ ቤቱን በሐራጅ ይሸጡባታል። ከአያቷ የቀራት እሱ ነው።»

ሬይ ከፈለ።