ሠላሳ ደቂቃ በሞጣ

ቅዳሜ ረፋድ። የቢቸና ገበያ ሞልቶ ፈሷል።

ሥርጉት ከእህል ተራው ጫፍ ቆማለች። በመሐረብ የቋጠረችውን ጤፍ በግራ እጇ ይዛለች። ከጤፉ ውስጥ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ አለች። ሦስት ወር የለፋችው ለእሷ ነው።

ከአህዮቹ መሀል አንድ ጎልማሳ ወጣ። ኩታ ለብሷል፣ ከዘራ ይዟል። ለገበያተኛው እህል ነጋዴ ነው። ለእሷ ግን አለቃዋ ነው። የምስጢር ስሙ ብቅል፤ የእሷ ጌሾ።

«ማኛ ነው?» አላት።

«ሰርገኛ ነው። ለራሴ የያዝኩት።»

«እስቲ ልየው።»

መሐረቡን ፈታ። ጤፉን ዘገነና እፍ አለበት፤ ጥቂቱን ቀመሰ። የቀረውን ኪሱ ጨመረው። ካርዷም አብራ ገባች።

«ሁሉም አለበት?»

«ሁሉም። ማን እንደጻፈው፣ ማን ከታች አንስቶ ከላይ እንዳወጣው፣ ማን ቃሉን እንደለወጠው።»

«ቅጂ አስቀርተሻል?»

«ደንቡ አይፈቅድም። አላስቀረሁም።»

«ጎበዝ። እስክጠራሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ከዘራውን ተመርኩዞ ሄደ። ሥርጉት ወደ ባጃጁ ስትራመድ አንድ ነገር ከነከናት። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲሠሩ ብቅል ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር። የተከተላት ሰው መኖሩን።

ዛሬ አልጠየቃትም።

ሽፋኗ ፕሮዳክት ኦውነርነት፣ የሥራ ዝርዝር ባለቤትነት ነው። «ጥሪ» የሚባለውን የአምቡላንስ መላኪያ ሶፍትዌር ሰባት ቡድን ይሠራዋል። አንዱ ካርታውን፣ አንዱ የስልክ ጥሪውን፣ አንዱ ሹፌሮቹ የሚጠቀሙበትን መተግበሪያ። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ቁራጭ እንጂ ሙሉውን አያይም። ሙሉውን የምታየው የሥራ ዝርዝሩ ባለቤት ናት። ምን ይቅደም፣ ምን ይቆይ፣ ምን ይጣል የምትለው እሷ ናት። ተሠርቶ ሲመጣም እሷ «ተቀብያለሁ» ካላለች ለሕዝብ አይወጣም።

ለሰላይ ከዚህ የተሻለ ወንበር የለም። ሰው ሁሉ በገዛ እግሩ እየመጣ ይነግራታል።

ከእሷ በፊት ቦታው ላይ የነበረው ሰው ሥራውን ጥሎ ሲጠፋ እሷና ብቅል ለሚሰልሉለት መምሪያ ስም የሌለው ደብዳቤ ልኮ ነበር። «ጥሪ ይዋሻል» ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። ብቅል ያንን ደብዳቤ ሰጥቶ ላካት።

ውሸቱን ያገኘችው ጉንደ ወይን ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጇ ሲስተር በዛብሽ ስትነግራት አላለቀሰችም። ጥርሷን ነክሳ ነው የነገረቻት።

«ሀብትነሽ ትባላለች። ወለደች፤ ደሙ አልቆም አለ። አምቡላንስ ጠራሁ። ሠላሳ ደቂቃ ጠበቅሁ። ደግሜ ብደውል ‹አምቡላንሱ ደርሷል፣ ጥሪው ተዘግቷል› አሉኝ። በር ላይ ወጥቼ አየሁ። ምን ደርሷል? አቧራ!»

«መኪናው የት ነበር?»

«መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ። ሹፌሩ ኔትወርክ የለው። አለመምጣቱን ቢያውቁ ከሞጣ ሌላ ይልኩልኝ ነበር። ሞጣ ሁለት መኪና ቆሞ ነበር፣ ትሰሚያለሽ? ሁለት! እሷ እጄ ላይ ቀዘቀዘች። የእናንተ ስልክ ግን ደርሷል ይላል።»

ሥርጉት ቢቸና ተመልሳ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አነበበችው። ተራ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ እጇ ቆመ።

«ሹፌሩ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ‹ደረስኩ› ካላለ፣ ሥርዓቱ ራሱ ‹ደርሷል› ብሎ ይመዝግብ።»

በቃ። አንድ መስመር። ከዚያ ወዲህ ሪፖርቱ በሰዓቱ የደረሰው ከመቶ ዘጠና ስምንት ነው ይላል። በየስብሰባው ይጨበጨብለታል። ሥርጉት በሥራ ዘመኗ ከሃዲም ነፍሰ ገዳይም አይታለች። በወንበር ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ፣ በአንድ መስመር ሰው የሚገድል ግን አላየችም ነበር። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ነደደ። ከዚያ በኋላ አልበረደም።

ሰኞ ጠዋት የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ይታገስ ቢቸና ካለው ቢሮው አስጠራት። ሲስቅ ጥርሱ የሚያምር ሰው ነው። በሩን ዘጋው።

«ገበያው እንዴት ነበር?»

«ሞልቶ ነበር።»

«ሰርገኛ ጤፍ ነው አሉ የያዝሽው። ለራስሽ።»

ቃሉ የእሷ ነው። የሰማት ብቅል ብቻ ነበር።

ይታገስ ከመሳቢያው ካርዷን አወጣ። ከፊቷ ለሁለት ሰበራት።

«አለቃሽ በሚቀጥለው ወር የእኛ የጸጥታ ኃላፊ ይሆናል» አለ ረጋ ብሎ። «ከአንቺ በፊት የነበረው ልጅ ማስረጃው የት እንደተቀመጠ ሳይነግረን ጠፋ። የሚፈልግልን ሰው ያስፈልገን ነበር። አንቺ ፈልገሽ አገኘሽልን። የዝርዝሩን የለውጥ ታሪክ ትናንት አጥፍተነዋል።»

«ሴት ሞታለች።»

«በየቀኑ ሴት ትሞታለች። ነገ ሞጣ ላይ ግምገማው አለ። ሰባቱም ቡድኖች፣ የጤና ባለሙያዎቹ፣ ከክልል የመጡት እንግዶች ይኖራሉ። ተነስተሽ ‹ተቀብያለሁ› ትያለሽ። ‹ጥሪ› ከዚህ አካባቢ አልፎ በአገሩ ሁሉ ይዘረጋል። አንቺም በሰላም ትሄጃለሽ።»

«እምቢ ካልኩስ?»

«መምሪያሽ አያውቅሽም። ማን ሊፈልግሽ ይመጣል?» እጁን ዘረጋ። «ስልክሽን።»

ሰጠችው። አንገቷን ደፋች። የተሸነፈች መሰለች።

ማክሰኞ በማለዳ መኪና ውስጥ አስገቧት። ግራና ቀኟ ሁለት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። ደብረ ወርቅ አለፈ። ጉንደ ወይን ሲደርሱ ጤና ጣቢያው በመስኮት ታያት። በሩ ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሥርጉት እጇን ጨበጠች። ማስረጃ የላትም፤ ስልክ የላትም፤ መምሪያም የላትም። ካርዷን በገዛ እጇ አስረክባለች። በራሷም ተናደደች።

የቀራት ሽፋኗ ብቻ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሽፋኑን ልብስ ብቻ አድርገው አይተውታል። ሥልጣን መሆኑን ዘንግተዋል።

የሞጣ አዳራሽ ጢም ብሏል። ፊት ወንበር ላይ ከክልል የመጡት አቶ ገብረ ክርስቶስ ተቀምጠዋል፤ ሽበታም፣ ብዙ የማይናገሩ። ከኋላቸው ሲስተር በዛብሽ አለች። ከጎን ኮምፒውተሮቹን የያዙት የቡድኖቹ ልጆች ናቸው። ደጅ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ ለትዕይንት የመጣው አምቡላንስ ታጥቦ ቆሟል።

ይታገስ ንግግር አደረገ። ተጨበጨበ። ወደ ሥርጉት ዞረ።

«አሁን የሥራው ባለቤት ቃሏን ትሰጠናለች።»

ተነሳች።

«ያላየሁትን አልቀበልም» አለች። «ዛሬ በሥዕል የተዘጋጀ ማሳያ አይታይም። ሃና፣ እውነተኛውን ሥርዓት ስክሪኑ ላይ አውጪልኝ።»

ሃና የአንዱ ቡድን ፕሮግራመር ናት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ይታገስን አየችው፤ ሥርጉትን አየች። ከዚያ አወጣችው።

«ይህ ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለ ይታገስ።

«የሥራው ባለቤት እኔ ነኝ። ምን እንደሚታይ የምወስነውም እኔ ነኝ።» ወደ አምቡላንስ ሹፌሩ ዞረች። «ጋሼ በላቸው፣ የመኪናውን ቁልፍ ይስጡኝ። ስልክዎንም ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኝ። እንዳይነኩት።»

ሰጣት። ቁልፉን ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጠችው።

«ሲስተር፣ ከዚህ አዳራሽ ሆነው አምቡላንስ ይጥሩ። ይህንኑ መኪና።»

ሲስተር በዛብሽ ብድግ አለች። «እውነተኛ በሽተኛ ቢመጣስ?»

«ሌሎቹ መኪኖች ሆስፒታሉ በር ላይ ናቸው። ስገባ ጠይቄያለሁ።»

በዛብሽ ደወለች። ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ በራ። «በጉዞ ላይ» ይላል።

አራት ሰዓት ከአሥር።

«አሁን እንጠብቃለን» አለች ሥርጉት።

«ምን?» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ።

«ሠላሳ ደቂቃ። አንዲት እናት የጠበቀችውን ያህል፣ ጌታዬ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንሾካሾኩ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ወንበሮች መንጫጫት ጀመሩ። መኪናው በመስኮት ይታያል፤ አልተንቀሳቀሰም። ቀይዋ ነጥብም አልተንቀሳቀሰችም። ሃና ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ገብቷታል።

ይታገስ ተጠግቶ ብጣሽ ወረቀት ገፋላት።

እውነተኛ ስሟ ተጽፎበታል። የእናቷ ሰፈርም።

«አስቁሚው» አለ በለሆሳስ።

ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሁለቱ ጎረምሶች ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሃያኛው ደቂቃ። ሃያ ሦስተኛው።

ሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ይታገስ ዘለለ።

«ይህች ሴት ስሟ ሥርጉት አይደለም!» አለ እየጮኸ። «ሰላይ ናት! ወንድሞቼ፣ ሰላይ አስገብተውብናል! ስክሪኑን ዝጉት!»

አዳራሹ ተናወጠ። የሁሉም ዓይን ወጋት። ሽፋን ሲቀደድ ደንቡ አንድ ነው፦ ውጪ። የጎን በሩ በስድስት እርምጃ ርቀት ላይ ነው፤ ማንም አልቆመበትም።

አልወጣችም።

«እውነት ነው?» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ።

«እውነት ነው» አለች። «መኪናውም የቆመው እውነት ነው።»

ሲስተር በዛብሽ ወንበር ላይ ወጣች።

«ሰላይም ትሁን ሰይጣን፣ አራት ደቂቃ ቀርቷል! ተቀመጡ! እኔ ያቺን ልጅ አቅፌ ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጫለሁ፤ እናንተ አራት ደቂቃ ያቅታችኋል?»

ሰው ቁጭ አለ። ጎረምሶቹም ባሉበት ቀሩ። ይታገስ ወደ ኮምፒውተሩ ተንደረደረ። ጋሼ በላቸው መንገዱ ላይ ቆመ። ግዙፍ ሰው ነው። አልተነቃነቀም።

አራት ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ።



አራት ሰዓት ከአርባ።

ቀይዋ ነጥብ አረንጓዴ ሆነች። «ደርሷል። ጥሪው ተዘግቷል።»

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። መኪናው ደጅ ነው።

አንዲት ነርስ እሪ አለች። ከዚያ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። አቶ ገብረ ክርስቶስ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ይህን ማን ሠራው?»

ይታገስ ጣቱን ወደ ሃና ቀሰረ። «እሷ ናት! ፕሮግራሙ ላይ ስሟ አለ። ሃና ናት የጻፈችው!»

«ለሙከራ ብቻ ይል ነበር» አለች ሃና። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «ዝርዝሩ ላይ ለሙከራ ብቻ ይል ነበር። እኔ የታዘዝኩትን ቁራጭ ነው የሠራሁት። እምላለሁ።»

«አሁን ይላል?»

አይልም። ቃሉ ተሰርዟል። ማን እንደሰረዘው የሚናገረው ታሪክም ጠፍቷል። ከአጥፊዎቹ ሌላ ያንን ታሪክ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አይቻለሁ» አለች ሥርጉት። «‹ለሙከራ ብቻ› የሚለውን የሰረዘው ይታገስ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን እነግርዎታለሁ። ማስረጃውን ያስጠፋው ማን እንደሆነም እነግርዎታለሁ።»

«ይህ በቃል አይሆንም፣ ልጄ። ተጽፎ ይፈረም። ፍርድ ቤት የሚቆም ስም ያስፈልጋል።»

መምሪያው ውስጥ የገባች ቀን የማለችው መሐላ አለ፦ በስሟ አትፈርምም። የፈረመ ሰው ተመልሶ አይቀጠርም፣ አይጠበቅም። ሃናን አየቻት። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ሦስት ወር ሙሉ «ባለቤታችን» እያለች ስትጠራት ነበር።

ብዕር ጠየቀች።

ሦስት ገጽ ጻፈች። የይታገስንም፣ የብቅልንም ሙሉ ስም አሰፈረች። ከታች አሥራ አንድ ዓመት ያልጻፈችውን እውነተኛ ስሟን ጻፈች። ፊደሎቹ እንደ ጀማሪ ተማሪ ተንሻፈፉ።

ፖሊስ ይታገስን ሲወስደው ከሰዓት ሆኗል። ብቅል ቅዳሜ ከቢቸና ከወጣ ወዲህ ያየው የለም። «ጥሪ» እንዲቆም፣ ጥሪ የሚቀበሉትም ሹፌሮቹን በቀጥታ በስልክ እንዲያገኙ ታዘዘ። ሃና ግን ምርመራው እስኪያልቅ ከሥራ ታገደች፤ ምስክር ቢገኝላትም ስሟ ከዚያ መስመር ጋር ታስሮ ይቆያል። ሥርጉት ልታናግራት ሄደች። ልጅቷ ፊቷን አዞረች።

«አንቺም ዋሽተሽኛል» አለቻት።



ስልኳን መለሱላት። በቃሏ የያዘችውን ቁጥር ደወለች።

«ጌሾ ነኝ።»

«የተሳሳተ ቁጥር ነው» አለ ወጣት ድምፅ። ተዘጋ።

ደግማ አልደወለችም። ሲም ካርዱን አውጥታ ቦይ ውስጥ ጣለችው።

ሲስተር በዛብሽ እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት። ሲለያዩ አዋላጇ ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት።

«ንዴትሽ አይብረድ» አለቻት። «ከበረደ ይረሱታል።»

«አይበርድም።»

የባሕር ዳር መኪና ሊወጣ ነው። ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎም አላያት።

«ስም?»

የአፏ ጫፍ ላይ ሁለት ስም መጣ። ጌሾን መምሪያው ገድሎታል። ሌላው ፍርድ ቤት ይፈለጋል።

«ፀሐይነሽ» አለች፤ የፈረመችበትን።

ጻፈው። አሥራ ሰባት ቁጥር ወንበር ሰጣት። ከጎኗ የተቀመጡት ባልቴት ጠጋ አሉላት፤ ማን እንደሆነች አልጠየቋትም። መኪናው ሞጣን ለቆ ወጣ።