ከውጭ ብቻ የሚቆለፈው በር

የምትስቁ ሳቁ። ይሄ ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

ቁልፍ ሠሪ ነኝ። እኔን አይቶ የማይንቀጠቀጥ ቁልፍ እስካሁን አልተሠራም። አንዴ የባንክ ካዝና በማስነጠስ ከፍቻለሁ... እሺ፣ ሁለቴ አስነጥሼ።

ሥራ ስጨርስ አንድ ልማድ አለኝ። ውስጥ እገባለሁ፣ ደንበኛው ከውጭ ይቆልፍብኛል፣ እኔ እያፏጨሁ በሽቦ ከፍቼ እወጣለሁ። ማስታወቂያዬ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ፖሊስ ሰፈራችን መጥታ ስለ ወንጀል አስተማረችን። ወንጀል ስርቆት ብቻ አይደለም፣ ሰው ዘግቶ ማስቀመጥም አለ፤ ከውጭ ብቻ የሚቆለፍ መኝታ ቤት ካያችሁ ጠቁሙን አለች። እኔ "ሚስቴን ልጠቁም?" ብዬ አዳራሹን በሳቅ አፈረስኩት።

በማግስቱ ንጹሕ ካፖርት የለበሰ፣ አንገቱን የደፋ ሰውዬ ሱቄ መጣ። እናቱ ነገር ይረሳሉ፣ ወጥተው ይጠፋሉ፤ ክፍላቸው ከውጭ እንዲቆለፍ ፈለገ።

አሳዘነኝ። ሄድኩ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ አልጋ ብቻ... መስኮቱ በጣውላ ተመትቷል።

እናትየው የሉም። ጎረቤት ሄደዋል አለኝ።

በሩ በውስጥ በኩል ተቧጥሯል። ድመት ናት አለኝ።

ድመት አላየሁም።

ቁልፉን ገጥሜ ጨረስኩ።

"ጋሼ" አለ ዝግ ብሎ፣ "እንደ ልማድዎ ገብተው አይሞክሩትም?"

ስለ ልማዴ አልነገርኩትም ነበር... ዝናዬ ቀድሞኝ ደርሷል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

ቀጭ።

ሽቦዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቦርሳዬ ውጭ።

"ወንድሜ፣ ክፈተው በቃ።"

ማፏጨት ጀመረ... የእኔን ዜማ። እያፏጨ ራቀ።

ልጮህ አፌን ስከፍት ከአልጋው ሥር ሹክሹክታ መጣ።

"አትጩህ... ስንጮህ ደስ ይለዋል።"

"እ... እናቱ ነዎት?"

"እናት የለውም። ልብስ ሰፊ ነኝ። መጋረጃ ልለካለት ነው የመጣሁት።"

"መቼ?"

"ይሄ መስኮት ክፍት እያለ..."

ከአልጋው ሥር ብቅ አለች፤ አንገቷ ላይ ሜትሯ አሁንም ተንጠልጥሏል።

ወደ በሩ ዘለልኩ። እኔ ስዘል ደግሞ ቤት ይነቃነቃል።

በቀበቶዬ ዘለበት የበሩን ማጠፊያ ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታሁ። እጇን ይዤ ሮጥኩ፤ ፖሊስ ጣቢያ እስክንደርስ አልለቀቅኳትም። ያቺው ፖሊስ ተቀበለችን።

አልሳቀችም።

ቤቱን ሲከብቡት ሰውዬው የለም። የገጠምኩት ቁልፍ ተፈትቶ ተወስዷል። ቦርሳዬም የለም... የቤቴ ቁልፍ ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ነበር።

ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ሆስፒታል ተኝታለች ብለውኛል። የቤቴን ቁልፍ ነገ እቀይረዋለሁ። ሚስቴ ገበያ ወጥታለች። እኔ መኝታ ቤቴ ጋደም ብዬ ይህን እጽፍላችኋለሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

ከበሩ ውጭ ብሎን ሲጠብቅ ይሰማኛል። ይህን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

ከዚያ ፉጨት... የእኔው ዜማ።

በሩን ገፋሁት። አልከፈት አለ።

ልጮህ አፌን ስከፍት...

ከአልጋዬ ሥር የዚያችው ልብስ ሰፊ ሜትር ቀስ እያለ ተተርትሮ ወጣ። እግሬ ጋ ሲደርስ ቆመ።