የጋሽ ቶዶር አማርኛ

ጋሽ ቶዶር ቀራንዮ ባለው ሥራ ቤታቸው፣ እንጨት በሚያስሩበት የብረት ሞርሳ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ሞተው ተገኙ። የሞርሳው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ራስጌያቸው ከአንድ ግንድ የተጠረበች፣ ከሰው የምትረዝም ሴት ቆማለች። ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ ከፊቷ የረገፈው ፍቅፋቂ እግሯ ሥር ገና አልተጠረገም።

ኢንስፔክተር ሸዋገነት ከአስከሬኑ ይልቅ ያንን ፊት አብዝታ አየችው። ፎቶ ከተነሳ በኋላ ምስሉን ጆንያ አልብሳ፣ ሳጅን ኢብራርን «በሩን አሽግ፤ ማንም እንዳይገባ» አለችው።

ሟቹ ከቡልጋሪያ በወጣትነታቸው ለማስተማር የመጡ ሰው ናቸው። ኮንሶ ወርደው በመቃብር ላይ የሚተከሉትን የእንጨት ሐውልቶች ያዩ ጊዜ ልባቸው እዚያው ቀረ። የተማሩበትን እብነ በረድ ትተው እንጨት ጠራቢ ሆኑ፤ እሙ የምትባል የቀራንዮ ልጅ አግብተው አማርኛን ከእሷ አፍ ለቀሙ። እሙ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ብዙም አያወሩም ነበር።

አስከሬኑን ያገኘችው ተማሪያቸው ሶፊ ናት። ቁልፉም እሷ ዘንድ ነበርና በዚያው ቀን ታስራ ጣቢያ ገባች። ቁልፍ ያለው ሁሉ ገዳይ ቢሆን ከተማችን ሰው ባልተረፋት፤ ግን ምስክርም ተገኘባት። አዛዡ ሸዋገነትን ጠርተው «ነገ ፍርድ ቤት ትቅረብ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት።

ሸዋገነት ልጅቷን አስጠራች።

«ከጋሽ ቶዶር ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጠብ እንኳ አይባልም። ፊቱን እኔ ልጀምረው ብዬ መሮ አነሳሁ። ‹ሶፊ፣ ተው፤ ፊቱን አትንካ› አሉኝ።» እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች። «ፊት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠሩት። ያን ማታ ስወጣ ልሙጥ እንጨት ነበር።»

«‹ተው› አሉሽ?»

«‹ተው› አሉኝ።»

ሸዋገነት ሌላ አልጠየቀችም። ጆሮዋ ግን የያዘውን ይዟል።

የእሙ ወንድም አቶ ሀብተሥላሴ አየር ጤና ባለው ሱቃቸው ፊታቸውን አጥቁረው ጠበቋት።

«ቤቱ የእህቴ ነው። እፈልገዋለሁ፤ አልደብቅሽም» አሏት። «ያን ማታ ግን አስኮ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ድንኳን ሙሉ ሰው ይመስክርልኝ።»

«ከማን ጋር ይጣሉ ነበር?»

«ከዚያ ከባለ ጋለሪው ልጅ ጋር ነዋ። ቶዶር ምስሎቹን ግቢ ውስጥ ተክዬ ዝናብ ይምታቸው ይላል፤ የኮንሶዎቹም እንደዚያ ነው ያረጁት እያለ። ልጁ ደግሞ ውጭ አገር ልውሰዳቸው ይላል።»

ኢብራር አስኮ ሄዶ አጣራ። ሰውዬው እውነታቸውን ነው።

ባለ ጋለሪው ኤልናታን፣ ሶፊ ላይ የመሰከረውም እሱ ነው፣ ሽቶው ቀድሞት ቢሮዋ ገባ።

«እኔ ከውጭ በር አላለፍኩም። ላንኳኳ ስል ‹አንቺ ሌባ፣ ውጪ ከቤቴ› ብሎ ሲጮህ ሰማሁና ተመለስኩ።»

«ሴትየዋን አይተዋታል?»

«አላየኋትም።»

«ድምፅዋንስ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ግን ‹አንቺ› አላት። ወንድን ‹አንቺ› የሚል አለ እንዴ?»

«ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያሉት?»

«ቃል በቃል።»

«እርስዎና እሳቸው በምን ቋንቋ ነበር የምታወሩት?»

«በእንግሊዝኛ ብቻ። ስለ ጥበብ በአማርኛ እንዴት ይወራል?» አለና ተነፈሰ። «የሚስቱን ዓይን እንደዚያ ጨፍኖ ካሳረፋት በኋላ መሞቱ ነው የሚያሳዝነው።»

ሸዋገነት አመስግና ሸኘችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዚህ ሰው ግን ሊያድርም አልቻለም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሶፊ ፍርድ ቤት ከመወሰዷ በፊት፣ ሁሉንም ሥራ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሶፊ እጅ በካቴና ታስሯል። ምስሉ ጆንያውን እንደለበሰ ነው።

«አቶ ሀብተሥላሴ፣ ጋሽ ቶዶር እህትዎን ምን ብለው ነበር የሚጠሯት?»

«‹አንተ› ነዋ» አሉ፣ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «እሷ ‹አንተ› ስትለው የሰማውን መልሶ ለእሷ። ስንት ዘመን ተስቆበት አልታረመም። ለእሱ ሴቱም ወንዱም ‹አንተ› ነው። የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።»

ሸዋገነት ወደ ኤልናታን ዞረች። ቀለሙ ተለውጧል።

«እኔ... አርሜ ተናግሬው ይሆናል።»

«ሴት መሆኗን ያወቁት በዚያች ቃል ብቻ ነው ያሉኝ። አርመውት ከሆነ ሴትየዋ የለችም። ካላረሙት ጋሽ ቶዶር አልተናገሩትም። በዚህ ክፍል ካላችሁት የእሳቸውን አማርኛ የማያውቅ አንድ ሰው ነው፤ በአማርኛ አናግሯቸው የማያውቅ።»

«ይሄ ማስረጃ አይሆንም።»

«ብቻውን አይሆንም።» ጆንያውን ገፈፈችው። አቶ ሀብተሥላሴ ወደ እህታቸው ፊት አንድ እርምጃ ቀረቡ። «ሶፊ ያን ማታ ስትወጣ ይህ ፊት ልሙጥ ነበር። ጠዋት ሬሳውን አግኝታ ወደ ጣቢያ መጣች፤ ከእኛ በቀር ያነጋገራት የለም። እኔ ሸፈንኩት፤ በሩ ታሸገ። ታዲያ ከውጭ በር ያላለፈ ሰው ዓይኖቿ መጨፈናቸውን በምን አወቀ?»

ኤልናታን ያልተጠረበ ግንድ ላይ ተቀመጠ።

«ምስሎቹን ለኤግዚቢሽን ቃል ገብቼ ነበር። ዝናብ ይብላቸው አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ብሏል። ቢደረስላቸው ይተርፉ ነበር። ለምን ሰው አልጠሩም?»

«ላነሳው ጎንበስ ብዬ ነበር። ያኔ በአማርኛ ተጣራ። ‹አንተ፣ የት ነህ? ና› አለ። እኔን እያየ አልነበረም። ቤት ውስጥ ሌላ ወንድ ያለ መስሎኝ ሮጥኩ።» ቀና ብሎ ሁሉንም በየተራ አያቸው። «ያ ሰውዬ ግን ማን ነበር?»

አቶ ሀብተሥላሴ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ኢብራር የሶፊን ካቴና እየፈታላት ነበር። እጇ ሲለቀቅ የምስሉን ጉንጭ ነካችና ወደ ኤልናታን ዞረች።

«እትዬ እሙ ናት» አለችው።