ቅንድቡ ላይ የደረቀ ውሃ

ኢንስፔክተሯ ከመኪናዋ ስትወርድ ሬሳው ከወደቀበት ተነስቷል።

«ማን አነሳው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ፎርማኑ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ። «ኮንክሪቱ ገና አልጠነከረም። እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«ሰው ሞቶ አንተ ለኮንክሪት ታስባለህ?»

«እሱም ቢሆን ይኸንኑ ነበር የሚያስበው።»

ጥርሷን ነክሳ ተከተለችው። የሞተው የመስኖ ቦዩን ሥራ የሚመራው ኢንጂነር ነው። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲመጡ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ ውሃ በተዘጋበት ቦይ ውስጥ የኋላ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ አገኙት። አንሸራቶት ነው ተባለ።

ሬሳው ሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ ጣውላ ላይ ተጋድሟል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ማጅራቱ ደም ነው፤ ፊቱ ግን ንጹሕ ነው። ቅንድቡና የጥቁር ጃኬቱ ኮሌታ ላይ ብቻ ነጭ ነገር ደርቋል።

«ዓይኑን ማን ከደነው?»

«እንዲሁ ነው ያገኘነው። ነጩም የሲሚንቶ ብናኝ ነው፤ ሁላችንም እንዲሁ ነን።»

ጣቷን በምራቋ አርሳ የፎርማኑን እጅጌ ነካች፤ ብናኙ ጭቃ ሆነ። ኮሌታውን ስትነካ ግን ነጩ ሟሟ። ጣቷን ቀመሰች። ፎርማኑ ፊቱን አዞረ።

«ጨው ነው» አለች።

«ጨው ከየት ይመጣል? እኛ የምንጠቀመው ከላይ ከምንጩ በቦቴ የሚመጣ ውሃ ነው። ሻይም የምናፈላው በሱ ነው።»

የመስኖ ማኅበሩን ሊቀመንበር ከድልድዩ በታች ባለው ፍራፍሬ ቦታው ውስጥ አገኘችው። ከላይ ያለው የአፈር ቦይ ስለሚያፈስ፣ ውሃው ካልተዘጋ በቀር ዛፎቹ ሳይጠጡ አይውሉም። ያው የሚፈሰው ውሃ ግን ጨዋማውን መሬት ሰርስሮ ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ የታችኞቹ ገበሬዎች የሚያጠጡትም የሚጠጡትም እሱን ነው። ቦዩ ኮንክሪት የሚለብሰው ይህን ለማስቀረት ነው።

«ሥራውን ሲቃወሙ ነበር አሉ» አለችው።

«ነበርኩ፤ አልዋሽም። ትናንት በምሳ ሰዓት ግን ራሱ መጣና ከድልድዩ ወዲህ ያለው በአፈሩ ይቀራል፣ እንደገና ይጠና ተብሏል አለኝ። ጨብጬው ተለያየን።»

«እንደገና ይጠና?»

«አለቆቹ እንዲያ ብለውታል። እሱም ተናዶ ነበር።»

ወደ ታች ስትነዳ መሬቱ እየነጣ ሄደ። ስንዴው ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆኗል። የኢንጂነሩን ታላቅ እህት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሴትዮዋ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። ኢንስፔክተሯ አንዴ ተጎንጭታ ዋጠችው፤ ጉሮሮዋን ከረከራት።

«ለምደነዋል» አለች እህትየው። «እናታችን ስትሞት ወንድሜ ገና ዳዴ ይል ነበር። በጀርባዬ አዝዬ፣ ይኼን ማሳ እያረስኩ አስተማርኩት።»

«ትናንት አግኝተውት ነበር?»

«ከማሳዬ ፈቀቅ አላልኩም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሥራ ቦታው ላይ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙቀቱ ያፍናል። ኢንስፔክተሯ ያወቀችውን ባታውቀው ደስ ባላት ነበር፤ ይህም ጭምር አበሳጭቷታል።

«አንሸራቶት አይደለም» ብላ ጀመረች። «አንሸራቶት የሞተ ሰው ተነስቶ ፊቱን አይታጠብም። አንድ ሰው አብሮት ነበር። ፎርማን፣ አንተ ብትሆን የምታጥበው ኮንክሪቱን ነበር። ደሙ ግን እዚያው አለ።»

ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

«ሊቀመንበር፣ እርስዎ ደግሞ ትናንት የፈለጉትን አግኝተዋል። ቢሞት አዲስ ሰው መጥቶ ሐሳብ ይቀይራል እንጂ አይጠቅምዎትም። ፊቱ የታጠበው በጨዋማ ውሃ ነው። እዚህም እርስዎም ዘንድ እንዲህ ያለ ውሃ የለም፤ ከታች የመጣ ነው። ታች ብዙ ሰው አለ። ግን ጠላቱን ገድሎ፣ ፊቱን አጥቦ፣ ዓይኑን ከድኖ የሚሄድ የለም። ይኼን ያደረገው የሚወደው ሰው ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ቤትዎ የጠጣሁት ውሃ ነው።»

እህትየው እጆቿን አየች።

«ዓመት በመጣ ቁጥር ዘንድሮ ይሠራል እንባላለን» አለች። «የሱ ሥራ ሲሆን በቃ፣ አለፈልን አልኩ። ትናንት አመሻሽ ላይ ላየው ወጣሁ። ሥራው ድልድዩ ጋ ይቆማል አለኝ። ‹ትንሽ ታገሺ› አለኝ። እኔን። ደረቱን ገፋሁት። እንዲወድቅ አልነበረም።»

«ውሃውስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለመንገድ የያዝኩት ውሃ ነበር። ይነቃል ብዬ አጠብኩት።» ወደ ፎርማኑ ዞረች። «የቀረው አሁን ይሠራል?»

ፎርማኑ ኢንስፔክተሯን አያት። እሷም መልሱን ታውቀዋለች፤ ሕጉ የሷው ነው።

«ምርመራው እስኪያልቅ ሥራው ይቆማል» አለች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥራ ከሌለማ ውሃው ይለቀቅ። ዛፎቹ ተጠምተዋል።»

የሚከለክልበት ምክንያት ያገኘ የለም። መኪናው ሁለቱን ሴቶች ይዞ ሲነሳ የውሃው በር ተከፍቶ ነበር። ውሃው በኮንክሪቱ ላይ እየተገለባበጠ ወረደ፣ ድልድዩን አለፈ፣ ከዚያ ፍጥነቱ ቀንሶ አፈሩ ውስጥ መስረግ ጀመረ።