የዶልፊኑ የኋላ ቡሎን

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። አስተያየት መስጫው ላይ «ፈጠራ ነው» ልትሉ የተዘጋጃችሁ፣ ጻፉ! እኔም በዚሁ ቻናል ላይ የመንፈስና የመተት ወሬ የሚያወሩትን ለዓመታት ስዘልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስድቡን ከእናንተ በተሻለ አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት። ከዊንጌት ጀርባ ያለ ጋራዥ ግቢ፣ ፀሐይ ፍንትው ብላ።

ጨለማ የለም። ጅብ የለም። ሬዲዮ ኳስ ያስተላልፋል።

መኪናዋ ታክሲ ሆና ያረጀች ዶልፊን ሚኒባስ ነች። የገዛኋት በንዴት ነው። የልጄ የኪብሮን ሰርቪስ ሹፌር ስልክ እያወራ ሲነዳ ያዝኩት። ለወላጆች ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። «እኔ ራሴ አመላልሳቸዋለሁ!» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ስምንት ልጆች ይጠብቁኛል። አንዷ ሁለተኛ ክፍል ያለችው ኪብሮን ነች።

ችግሩ፣ ወደ ቁስቋም ዳገቱን ስትወጣ ከኋላ ድምፅ አላት።

ቋ... ቋ... ቋ...

«የባሌስትራው ጎሚኒ፣ ላስቲኩ ማለት ነው፣ አልቋል» አሉ መካኒኩ፣ ጋሽ ሙዘይን። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። «ቡሎኑን አውጥቶ መቀየር ነው። ቀላል ሥራ ነው፣ መምህር።»

ቀላል አልነበረም።

«ቢስሚላህ» ብለው ከቡሎኑ ጫፍ ዳዶውን ፈቱት። ቡሎኑ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ናፍጣ አፈሰሱበት። በመዶሻ ደበደቡት። ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተን ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት።

ምንም።

ጋሽ ሙዘይን የቡሎኑን አናት በጣታቸው ዳሰሱ። ጣታቸውን አሸተቱ። ሬዲዮውን አጠፉት።

«ዝገት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ና... አሽትት።»

የጠበቅኩት የግራሶ ሽታ ነበር። የሸተተኝ ግን ፀጉር ላይ የከረመ ቅቤ ነው። የቆየ፣ ላብ የጠጣ ቅቤ። ሳይታጠብ ወር የሰነበተ ራስ።



«በእሳት ያሙቁት» አልኩ።

«እሳት ይቅር። በመጋዝ እንቁረጠው። ማክሰኞ ይደርስልሃል።»

«ሰኞ ልጆች አሉብኝ!»

«ማክሰኞ፣ ልጄ...»

«የለም! አሁን!»

ጮህኩባቸው። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ። ጋሽ ሙዘይን የጋዙን እሳት ለኮሱ።

ብረቱ ሲግል ቢጫ ነገር መንጠባጠብ ጀመረ። መጥበሻ ላይ እንደሚቀልጥ ቅቤ... ጠብ... ጠብ...

ከዚያ ቡሎኑ ዞረ። ማንም ሳይነካው።

ጋሽ ሙዘይን በፒንሳ ስበው አወጡት። ዙሪያውን የጠመጠመው ነገር መጀመሪያ ክር መሰለኝ። ክር አልነበረም።

ሹሩባ ነው። በስሱ የተጎነጎነ የሰው ፀጉር።

ያን ሁሉ እሳት ጠጥቶ አልተቃጠለም። ጠጋ ብዬ አየሁት። ሥሩ ላይ ፎረፎር አለ። በፎረፎሩ መሃል አንዲት ቅማል... ቀስ ብላ ትሄዳለች።



«ስጠኝ ያንን ጨርቅ» አሉ በሹክሹክታ። «ጠቅልለን እንቅበረው።»

«እንቅበረው?!»

«ቀስ በል... የሰው ፀጉር አይጣልም። ያንተስ ሚስት የልጅህን ፀጉር ስታበጥር የረገፈውን የት ነው የምታደርገው?»

የት እንደምታደርገው አውቃለሁ። ባለቤቴ አዲሳለም በጨርቅ ቋጥራ አጥር ሥር ትቀብረዋለች። ባየኋት ቁጥር እስቅባታለሁ።

«ጋሽ ሙዘይን፣ እርስዎም እንደዚህ ያስባሉ? ቆሻሻ ነው! ቆሻሻ ደግሞ ይቃጠላል!»

ፒንሳውን ከእጃቸው ነጠቅኩ። ሹሩባውን ከቡሎኑ ላይ ገፍፌ፣ የዘይት ጨርቅ የሚነድበት በርሜል ውስጥ ወረወርኩት።

አሁን ተቃጠለ።

ጢሱ ግን ወደ ላይ አልሄደም። ከበርሜሉ አፍ ወርዶ፣ መሬት ለመሬት ተሳበና መኪናዋ ሥር ገባ።

«ምነው ልጄ...» አሉ ጋሽ ሙዘይን። አዲስ ጎሚኒና አዲስ ቡሎን አስገቡ፣ አጠበቁ። እጃቸውን ሦስቴ በሳሙና ታጠቡ። ስወጣ በመስኮት ጠጋ አሉኝ።

«ልጅህን ከዚያ የኋላ ጎማ በላይ አታስቀምጣት።»

ተሳድቤ ነው የሄድኩት።

ሰኞ ጠዋት ድምፁ የለም። ዳገቱን ቅቤ እንደነካው ቢላ ወጣነው... ይቅርታ፣ አሁን ይህን ቃል መጻፍ እንኳ ያቅለሸልሸኛል።

ኪብሮን ሮጣ የተቀመጠችው በዚያው ጎማ በላይ ነው። አየኋት። ተነሺ ልላት ነበር። ከዚያ በጋሽ ሙዘይን ሐሳብ መሸነፍ መስሎ ታየኝና ተውኳት።

መንገድ ላይ ጠራችኝ።

«አባዬ... ከኋላዬ ማነው?»

በመስታወት አየሁ። ከኋላዋ ባዶ ወንበር ነው።

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ማነው የሚያበጥረኝ?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ!» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ቤት ገባን። አዲሳለም ልጅቷን ገና ስታቅፋት ደነገጠች።

«በዴ!» ብላ ጠራችኝ። «ሹሩባዋን ማን ቆረጠው?»

እሁድ ዕለት ቅቤ ቀብታ ስምንት ሹሩባ ሠርታላት ነበር፤ በየጫፉ ቢጫ ዶቃ። አሁን ሰባት ናቸው። የስምንተኛው ቦታ ላይ የተቆረጠ ነገር የለም። ቆዳው ልሙጥ ነው፤ ፀጉር በቅሎበት የማያውቅ ይመስላል።

ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁና ሥሯ ገባሁ።

የሁለት ቀን ቡሎን ነው፤ ገና ያብረቀርቃል። ቁልፉን አስገብቼ ጫንኩ። ንቅንቅ የለም።

ነካሁት። ሞቃት ነው። ጣቴን አሸተትኩ።

ቅቤ። ትኩስ ቅቤ። አዲሳለም የምትቀባት።

በዳዶውና በባሌስትራው መሃል ቢጫ ነገር አየሁ... ዶቃ። ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ትሳባለች።

ቁልፉን በሁለት እጄ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ።

ከቤት ውስጥ ኪብሮን ጮኸች።

«አባዬ! ቀስ! ያመኛል!»

ቁልፉ ከእጄ ወደቀ።

ይህን የምጽፈው ረቡዕ ነው። መኪናዋ በራችን ላይ፣ በክሪክ ላይ ቆማለች። ጋሽ ሙዘይን መጥተው በሩቁ አይተዋት፣ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ልፍታው ልጄን ያማታል። ልተወው...

ዛሬ ጠዋት አዲሳለም የኪብሮንን ሹሩባ ቆጠረች።

ስድስት ናቸው።