አርባ አንደኛው መስመር

«ኤጭ! አሁንም!» አለች ፌንጣ፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ።

አርባ አንደኛው መስመር እንደገና ወደ ቀኝ ሸሸ። ሌሎቹ መስመሮች ከግራው ጠርዝ ጋር በሥርዓት ተሰልፈዋል፤ እሱ ብቻ ጥጋበኛ ሆኖ አራት ፊደል ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። እየደለዘች ትመልሰዋለች። ኮድ የምትጽፍበት ኤዲተር ደግሞ መስመሮቹን አስተካክል ባለችው ቁጥር ያንኑ መስመር መልሶ ይገፋዋል። ፕሮግራሙም አልሠራም ብሏል። ከታች በቀይ ብቅ የሚለውን የእንግሊዝኛ መዓት ማን ያነበዋል! ብቅ ሲል ትዘጋዋለች።

ፌንጣ ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ትንሽ ነገር ከነኳት ከመቀመጫዋ ትዘላለች። ዛሬ ጠዋትም ዘላለች። እሷና ዝምታ የምትባለው የክፍል ጓደኛዋ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚፈልግ ፕሮግራም ሲሠሩ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ኮዱን የጻፈችው ፌንጣ ናት፤ በስክሪኑ ላይ የሚነበቡትን የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ ዝምታ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ወላጆች መጥተው ሊያዩት ነው። ታዲያ ጠዋት ፕሮግራሙ እንቢ ሲል፣ ትናንት መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ዝምታ ነበረችና ፌንጣ ሌላ ምን ታስብ?

«አንቺ ነሽ ያበላሸሽው!» ብላ በሁሉም ፊት ጮኸችባት።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ኮድሽን አልነካሁም።»

«ታዲያ ማን ነካው? ሰይጣን?»

የኮምፒውተር መምህሩም ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው «በቃ፣ አንቺ ብቻሽን ታቀርቢያለሽ» አሉ ለፌንጣ። ዝምታ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ነርስ የሆነችው እናቷ ልጇ ስታቀርብ ለማየት የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃለች።

«ይሄ ኤዲተር ተጣልቶኛል ቲቸር!» አለች አሁን ፌንጣ፣ መምህሩ በአጠገቧ ሲያልፉ።

«ከማን ሊጣላ? እሱ አንቺን አያውቅሽም» አሉ ጎንበስ ብለው። «ከላይ ጀምሮ ያነባል፤ ምን ተከፈተ፣ ምን ተዘጋ ብሎ ይቆጥራል። ሐሳቡ አልተቋጨም ብሎ ካመነ፣ የሚቀጥለውን መስመር የዚያው ተቀጥላ አድርጎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ኮምፒውተርንም ጨምሪበት።»

«አርባ አንድ ላይ እኮ ምንም ስህተት የለም! መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ!»

«አርባ አንድ ላይ ፈልጊ ማን አለሽ?» ብለው ፕሮጀክተሩን ሊያመጡ ወጡ።

ፌንጣ እየተነጫነጨች ወደ አርባኛው መስመር ወጣች። ቅንፉ ተከፍቷል፣ ተዘግቷል። መጨረሻው ላይ መስመሩን የሚቋጨው ሴሚኮለን (;) አለ። አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋች። ሴሚኮለን አይደለም! የአማርኛ ድርብ ሰረዝ (፤) ነው። ለኤዲተሩ ይሄ ምልክት ምኑም አይደለም፤ አርባኛው መስመር ገና አላለቀም ብሎ አርባ አንደኛውን ከሥሩ ቀጥሎታል።

«ይኸው! አማርኛውን የምትጽፈው እሷ አይደለች!» አለች ለራሷ፣ በድል።

ከዚያ እዚያው መስመር ላይ ያለውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አነበበችው። «ርዕስ ይጻፉ» ይላል። ዝምታ የጻፈችው ግን «እባክዎ የሚፈልጉትን መጽሐፍ ርዕስ እዚህ ይጻፉ» የሚል ነበር። ረዘመ ብላ ያሳጠረችው ራሷ ፌንጣ ናት፤ ዛሬ ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ። እስከ መስመሩ ጫፍ ደለዘች፣ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀየረች፣ ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልሰው መስመሩን ጨረሰች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉት ይሄን ነው፤ እሷ ግን ያፈሰሰችውን በሌላ ሰው ነው ያስለቀመችው። በራሷ በገነች።

ማስተካከሉ ቀላል ነው። አንድ ምልክት ደልዞ ሌላ መተካት። ማንም አያውቅም። «ተስተካከለ ቲቸር» ትላለች፣ ወላጆች ያጨበጭባሉ፣ አለቀ። ጣቷን መደለዣው ላይ አሳረፈች።

ከኮሪደሩ የዝምታ ድምፅ ተሰማ። የትምህርት ቤቱን ጸሐፊ ስልክ ተውሳ ነው።

«እማዬ፣ ፈቃዱን ተይው በቃ… አይ፣ ደህና ነኝ። እኔ አላቀርብም፣ ለዚያ ነው… ምንም አላጠፋሁም፣ እማዬ።»

ፌንጣ ጣቷን አነሳች። መምህሩ ፕሮጀክተሩን ታቅፈው ገቡ።

«እህ፣ ተገኘ?»

«ተገኝቷል። እንዳይነኩት ቲቸር፣ መጀመሪያ ዝምታ ትየው።»

«ልጄ፣ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረሽ!»

«ቢሆንም እንዳይነኩት!» ብላ ዘላ ወጣች።

ዝምታ ስልኩን ከጆሮዋ ልታወርድ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። ፌንጣን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አትዝጊው» አለች ፌንጣ። «ትምጣ በያት።»

«ምን ልታይ?»

ስልኩ አልተዘጋም፤ «ሄሎ? ማነው እሱ?» የሚል የእናት ድምፅ ይሰማል።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች ፌንጣ፣ በስልኩ ውስጥ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እኔው አበላሽቼ አንቺ ላይ ላከክሁ።»