ቀዩ ክር

«አትግቢ!» አለች እናቷ፣ ከትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት እየተንገዳገደች ስትወጣ። ወዲያው ሳል ተነሳባት። ልጅቷ ደብተሯን ጥላ ደገፈቻትና ወደ ሜዳው አወጣቻት። ከውስጥ የተከተላቸው ጢስ እሷንም አሳላት።

«ምን ሆንሽ እማ?»

«በረኪና መስሎኝ... አሲዱን በረኪናው ላይ ደፋሁት። ክር የለውማ! ክሩን ማን ፈታው?»

ልጅቷ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ቀዩ ክር አንጓዋ ላይ ነበር። ትናንት ዕቃ ቤት ገብታ «ያምራል» ብላ ከጠርሙሱ አንገት የፈታችው እሷ ናት።

በረኪናውም አሲዱም ከጀሪካን እየተቀዳ በውሃ ጠርሙስ ነው የሚታደለው። ስሙን ጽፎ የሚለጥፍ የለም፤ ለጽዳት ሠራተኛ ማን ይደክማል? እናቷ ታዲያ በራሷ ዘዴ አሲዱ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። አሽትታ እንዳትለየው፣ አፍንጫዋ ሥራ ካቆመ ስድስት ዓመቱ። ጭምብልማ ጎብኚ የመጣ ዕለት ይታደላል፤ ጎብኚው ሲሄድ ተቆጥሮ ይመለሳል።

ተማሪዎች «ጋሽ መሀረብ» የሚሉት የጽዳት አለቃ አፍንጫውን ሸፍኖ ከሩቅ ቆመ።

«ስንቴ ልንገርሽ አትደባልቂ ብዬ?» አለ። ለልጅቷ ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋላት። «አንቺ ምሁሯ፣ ጻፊላት። ‹በራሴ ግዴለሽነት› ብለሽ ጀምሪ። ትፈርምና ሐኪም ቤት ትሄዳለች።»

«መጀመሪያ ሐኪም ቤት ትሂድ እንጂ ጋሼ! መተንፈስ አቅቷት እያዩ?»

«መጀመሪያ ወረቀቱ።»

«ጻፊ የኔ ልጅ» አለች እናቷ፣ ትንፋሽ እያጠራት። «ከሥራ እንዳያስወጡኝ።»

ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለች። አለቃው ያለውን ብትጽፍ ስለ ክሩ ማንም አያውቅም። እናቷም አታውቅም።

ጎንበስ ብላ ሁለት መስመር ጻፈች። ከዚያ ክሩን ከእጇ ፈትታ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችና ለእናቷ ሰጠቻት።

እናቷ ዓይኗን እየጠረገች ቀስ ብላ አነበበች። «ጠርሙሶቹ ላይ ምንም አልተጻፈም። ክሩን የፈታሁት እኔ ልጇ ነኝ።»

«ምን ቀባጠረች ደግሞ?» አለ አለቃው ከሩቁ።

እናቷ ክሩን አየች። ልጇን አየች፤ ትክ ብላ አየቻት። አልተቆጣችም።

«እስክሪብቶውን አምጪ፣ ይህንን እፈርማለሁ» አለች።